ከኋላችን የማይጠፉት ጋሼ እንድሪስ

ውሸት ነው ብዬ ነበር። እውነቴን ነው።

ጠዋት የብስክሌት ግሩፓችን ቴሌግራም ላይ «ጋሼ እንድሪስ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አረፉ» የሚል ሳነብ ሌላ እንድሪስ ነው ብዬ አለፍኩት። ወልድያ ውስጥ እንድሪስ ሞልቷል። ደግሞስ ያለፈው እሁድ መርሳ ድረስ አብረውን ወርደው፣ አብረውን ወጥተው፣ ሰፈሬ ድረስ ሸኝተውኝ «ለሳምንት አላህ ያገናኘን» ብለውኝ አልነበር እንዴ!

ወደ ግሩፑ ያስገባኝ አህመድ ጋ ደወልኩ። አንስቶ «ቀብሩ ከዙሁር በኋላ ነው» አለኝ። ያኔ አመንኩ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሼ እንድሪስ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የብዙዎቻችሁን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሰፉት እሳቸው ናቸው። ስድሳን ካለፉ በኋላ አንድ አሮጌ፣ እንደ በሬ የከበደ ብስክሌት አገኙና እሁድ እሁድ ከእኛ ጋር መንዳት ጀመሩ። ምን ነካዎት ስንላቸው፣

«ዕድሜ ልኬን የስፌት መኪና ስረግጥ ኖሬ የትም አልደረስሁ። ይቺ ቢያንስ መርሳ ታደርሰኛለች» አሉን።

ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ። ግሩፓችን ደግሞ አንድ ደንብ አለው፤ መርሳ ስንደርስ የኋላው ሰው ሳይመጣ የገዛነው ፍራፍሬ አይነካም። የመጀመሪያው ማንጎ ተልጦ የሚሰጠውም ለእሱ ነው። እነዚያ እንደ ንፋስ የወረዱ ጎረምሶች ማንጎውን ከበው ምራቃቸውን እየዋጡ ይጠብቃሉ። ጋሼ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ያገኙትን መንገደኛ ሁሉ ሰላም እያሉ፣ ቀስ ብለው ከች ይላሉ። ቀኑ የእሳቸው ነው።

የእኔን የመጀመሪያ ጉዞ መቼም አልረሳውም። እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት እንጂ ሌላ አላውቅም ነበር። ሰው ማየት አስጠልቶኛል። አህመድ የመሥሪያ ቤቴ ባልደረባ ነው፤ ጎትቶ ወሰደኝ። ይቺም ካቃተችኝ ሁለተኛ ከቤት አልወጣም ብዬ ለራሴ ምዬ ነው የሄድኩት።

ከወልድያ ወደ መርሳ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። በሲሪንቃ በኩል ንፋሱ ፊቴን እየመታኝ ስወርድ ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። መርሳ ስደርስ ራሴን ሻምፒዮን አድርጌ፣ ጋሼ ከመጡ በኋላ ማንጎውን በላይ በላዩ አወረድኩት። አዲስ ሰው ሁሉ የሚሠራት ስህተት ናት። መመለሻው ዳገት መሆኑን ማንም አይነግረውም፤ እያዩ ይጠቃቀሳሉ እንጂ። ጋሼ ብቻ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣

«ብይ ልጄ፣ ብይ። ዳገቱ የትም አይሄድ» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ስንመለስ ሳቄ አለቀ። ሲሪንቃን አልፈን ዳገቱ ሲጠና ሆዴ ከበሮ፣ እግሬ ድንጋይ ሆነ። ሌሎቹ እያለፉኝ ከዓይኔ ጠፉ። ወርጄ ገፋሁ። መግፋቱም ሲያቅተኝ መንገድ ዳር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አንድ ባዶ አይሱዙ ቆመ። «እህት፣ ብስክሌቷን ልጫናት?» አለ ሾፌሩ። እሺ ብዬ ተነሳሁ።

ያኔ ጋሼ ከኋላ ደረሱ። አልከለከሉኝም። ሾፌሩን «ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«መሄድ ትችያለሽ፤ ማንም አይወቅስሽ። ግን አንቺ ከሄድሽ እኔ ማንን ልከተል?»

«ጋሼ፣ አልችልም።»

«አብሽሪ! ዳገቱ የትም አይሄድ። እኛም አንቸኩል።»

ሾፌሩ ስቆ ሄደ። እኛ እየነዳን፣ እየገፋን፣ ጥላ ባገኘን ቁጥር እያረፍን ወጣን። ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ለካ ቀሚስ ሰፍተውላት ያውቃሉ። «ኪስ ይግባበት፣ ጥልቅ ይሁን እያለች ታደርቀኝ ነበር» አሉኝ። እውነት ነው፤ እማዬ ኪስ የሌለው ቀሚስ ለብሳ አታውቅም። ካረፈች ወዲህ ስለ እሷ እየሳቅሁ ሳወራ የዚያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ወልድያ መግቢያ ላይ ሁሉም ቆመው ጠብቀውን አጨበጨቡልኝ። እሳቸው ከኋላዬ ነበሩ።

ረጅም ጊዜ ጋሼ ኋላ የሚቀሩት አቅም አንሷቸው ነበር የሚመስለኝ። አንድ እሁድ ከመርሳ አልፈን ወደ ውርጌሳ ስንሄድ አህመድ ከፊት ሲበር ወደቀ። ጩኸት ስንሰማ ጋሼ ሁላችንንም ጥለውን ሄዱ። ደርሰን ስናይ የአህመድን ጉልበት በነጠላቸው ጠፍረው ውሃ እያጠጡት ነው። አህመድ እያቃሰተም አፉ አያርፍም፤

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ጉልበት የት ነበር?»

«ለቁም ነገር ነዋ ያስቀመጥሁት» አሉት።

ለካ ኋላ የሚቀሩት ከእኛ አንዳችን መጨረሻ እንዳንሆን ብለው ነው። ስንጠይቃቸው ግን «ማንጎው ነው የሚያጓጓኝ» ብለው ይሸሹናል።

ዛሬ ከዙሁር በኋላ ተቀበሩ። ሴት ልጃቸው አጠገብ ተቀምጬ አለቀስን፤ የማንጎውን ወሬ አንስተን ደግሞ ሳቅን። ብስክሌቷ በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ጎማዋ ተነፍቷል። «ለእሁድ ብሎ ትናንት ነው የነፋት» አለችኝ።

እሁድ እንወጣለን። ተስማምተናል። አዲስ የምትመጣ አንዲት ልጅም አለች፤ ማንጎውን እንደምታበዛው አልጠራጠርም። ኋለኛዋ እኔ ነኝ። ማንም እንዳይከራከረኝ።

ጋሼ፣ አላህ ጀነት ያግባዎ። ሁሌ ከኋላችን ሲመጡ ኖረው ዛሬ ቀደሙን። ግድ የለም። ደንቡን ግን ያውቁታል፤ የኋላው ሳይደርስ ፍራፍሬው አይነካም። ጥላው ስር አረፍ ብለው ይጠብቁን። እኛ ቀስ ብለን ነው የምንመጣ።

አብሽሩ ጋሼ። ዳገቱ የትም አይሄድ።