የአዝማሪው አፍንጫ

የሚያውቁት ሰው ፊቱ ተጋኖ ተሥሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይተው ያውቃሉ? እኔ ደባርቅ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አይቻለሁ።

ምሳ የምበላበት ሆቴል ባለቤት፣ ወደ ተራሮቹ የሚወጣ አንድ ቱሪስት የሣለውን የቤቱን አዝማሪ የተጋነነ ሥዕል፣ ካሪካቸር የሚሉትን፣ ጎንደር ልካ በትልቁ አሳተመችና ሰቀለችው። በሥዕሉ ላይ አፍንጫቸው ከማሲንቆው ይበልጣል። ማታ ማታ እንግዳውን ሁሉ በግጥም ሲሸነቁጡ የሚያመሹት አዝማሪ አኮረፉ።

"ይህ ካልወረደ አልጫወትም" አሉ።

ጥምቀት ደርሷል፤ ያለ እሳቸው ቤቱ ባዶ ሊሆን ነው። ባለቤቷ "መምህር፣ እስቲ አንተ አስረዳልኝ" አለችኝ።

ማስረዳት እወዳለሁ። ካሪካቸር ስድብ እንዳልሆነ፣ የሚጋነነውም የሰውየው መለያ እንደሆነ በቅደም ተከተል አብራራሁ። ሊናገሩ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር "ይቆዩኝ ጋሼ፣ አልጨረስኩም" እላለሁ። ሻያቸው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ማሲንቋቸውን አነሡ፦

"የመምህሩን መልክ ሠዓሊው ሲያነሣ፣
አፉን ሥሎ ሥሎ ጆሮውን ረሣ።"

ተመጋቢው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሳላስበው ጆሮዬን ዳሰስኩ።

"ታዲያ ይውረድ ጋሼ?" አለች ባለቤቷ።

"ይቆይ። የመምህሩን ግን አሠሪና ከጎኔ ስቀይልኝ፤ ለምን በእኔ ብቻ ይሳቅ!"

አሠርታ ሰቀለችው፤ እሳቸውም ለጥምቀት ተጫወቱ። በሥዕሉ ላይ አፌ እንደ ጎተራ ተከፍቷል፤ ጆሮዬን እስካሁን ፈልጌ አላገኘሁትም።

እርስዎም ይሞክሩት። አንድ ወዳጅዎን "እኔን ብትሥለኝ ምኔን ታተልቀዋለህ?" ብለው ይጠይቁና መልሱን ሳያቋርጡ ያዳምጡ።