የእኔ ሰው በእሱ ደጅ

ብዙ ደክመው ያዘጋጁት ነገር ሳይሳካልዎ ቀርቶ፣ አጠገብዎ ያለ ሰው ያንኑ ነገር እየሳቀና እየቀለደ ሲፈጽመው አይተው ያውቃሉ? ሰውየው ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ጠልተውት ይገላገሉ ነበር። ግን ክፉ አይደለም። ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ እርስዎም ሳይፈልጉ ይወዱታል፣ ሆድዎ ግን ይቃጠላል። ይህ ደርሶብዎት ከሆነ የምጽፈው ቶሎ ይገባዎታል። ካልደረሰብዎት ላስረዳ፤ ማስረዳት እንደሆነ እንጀራዬ ነው።

ጎንደር ውስጥ መምህር ነኝ፤ ሒሳብና ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ የደብራችን አለቃ እኔንና አንድ ባልደረባዬን ጠሩን። ባልደረባዬ የእጅ ሥራ መምህር ነው፤ ልጆቹን እንጨት መላግና ወንበር መጠገን ያስተምራል። አለቃው እንዲህ አሉን። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ከየገጠሩ ወደ ከተማ የሚገባው ምእመን በዝቷል። በደጀ ሰላሙ ተቀምጦ የሚውለው ሁሉ ዕውርና ሽባ አይደለም፤ ብዙው ጤነኛ ነው፣ የሚሄድበት ጠፍቶት ነው የተቀመጠው። እኛ ካህናቱ እንጸልይለታለን፤ እናንተ ደግሞ የከተማውን ነገር ታውቃላችሁና ሥራ ፈልጉለት፣ ራሱን ይቻል። ይህም ስብከት ነው አሉን።

እኔ ነገሩን እንደ ሐዋርያነት ያዝሁት። ከትምህርት ቤት አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ ተሸክሜ አመጣሁና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቅጥሩ ግንብ ጋር አስደገፍሁት። በአንድ ወገን ሰው ምን ምን እንደሚችል፣ በሌላው ወገን በከተማው ውስጥ ሠራተኛ ማን ማን እንደሚፈልግ ጻፍሁ፤ መካከሉን በመስመር ከፈልሁት። ቀጥሎ አሠሪ ፊት እንዴት እንደሚቆም አስረዳሁ። ነጠላ ተስተካክሎ ይለበሳል፤ ምን ትችላለህ ሲባል «እግዜር ያውቃል» አይባልም፤ የሚቻለው ነገር በስሙ ይነገራል። ይህን ስናገር ሰዎቹ ዝም ብለው ያዳምጡኛል፣ በጣም በአክብሮት።

ባልደረባዬ ሰሌዳ አልነበረውም። ከግንቡ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ፣ ከባልቴቶቹ መካከል ገብቶ ይቀመጥና የማን ልጅ ነሽ፣ ደብርሽ ማን ነው፣ ማንን አገባሽ ይላል። አንዷን ከየት እንደመጣች ጠየቃትና ከማክሰኝት ብትለው፣ እንግዲያማ እንደ አገርሽ ነጋዴ በግ ሸጠሽ ያንኑ በግ በርካሽ መልሰሽ የምትገዢ ነሽ አላት። ሴትዮዋ እስክትንፈራፈር ሳቀች። በዚያው ሳቅ መሐል የአክስቷ ልጅ መንገደኛ በሚያድርበት ቤት ወጥ ሠሪ መሆኗን ነገረችው። በሳምንቱ ሴትዮዋ እዚያው ቤት ጠላ ጠማቂ ሆና ተቀጠረች። «ጠላ መጥመቅ» የሚለው በእኔ ሰሌዳ ላይ ጥርት ብሎ ተጽፎ ነበር። ማንም አላየውም።

እኔ ስመጣ ሰዎቹ ብድግ ይሉልኛል። እሱ ሲመጣ ጠጋ ይሉለታል። ይህን ልዩነት ያየሁት በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ላይ ነው፤ ካየሁት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። እኔን «መምህር» ይሉኛል፣ እሱን «አንተ ሸጋ» ይሉታል። በሹማምንት ቤትና በቅሎ ቀንቼ አላውቅም። በዚያ ድንጋይ ላይ በምትለቀቅለት ጠባብ ቦታ ግን ቀናሁ። ምሳ ስበላም ትዝ ትለኝ ጀመር።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ሰው መጣ፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለ ገጠር ነው። ቄስ ነበር። «ነበር» ያልሁበት ምክንያት አለ። ቄስ የሚያገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሚስቱ ብትሞትበት ወይ ይመነኩሳል ወይ ብቻውን ይኖራል፤ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይቀራል፣ መቅደስ አይገባም፤ ለቅዳሴው ብሎ የያዘው የቤተ ክርስቲያን መሬትም ለሚተካው ቄስ ይሄዳል። የዚህ ሰው ሚስት ሴትና ወንድ ሕፃናት ትታበት ሞተች። ቀድሶ እየመጣ፣ እህል እያስፈጨ፣ ልጆቹን እያጠበ ከረመ። በመጨረሻ አልቻለም፤ አገባ። መሬቱን ሲያጣ የሟቿ ወንድም መጥቶ፣ መሬት የሌለው ሰው የእህቴን ልጆች አያሳድግም፤ እስከ ፍልሰታ ሥራና ቤት ካልያዝህ ወንዱን እኔ እወስዳለሁ፣ ሴቷን ሌላይቱ እህቴ ትወስዳለች አለው። አንዱ ቤት ዳባት፣ ሌላው ቤት ከተራራው ማዶ ነው። ሰውየው የፈራው መራቡን አልነበረም፤ ልጆቹ እንዳይለያዩ ነበር።

ይህ ሰው የመጣው ወደ እኔ ሰሌዳ ነው። ወደ ድንጋዩ አልሄደም። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ወዲያውም ችግር ገጠመኝ። ምን ብዬ ልጥራው? «አባ» እንዳልለው ክህነቱ የለም። «አቶ» ልለው ደግሞ አፌ ላይ ከበደኝ። ገና ሳሰላስል ባልደረባዬ በአጠገባችን ሲያልፍ፣ «አያ፣ ምነው ቆምህ? አረፍ በል እንጂ» አለው። የሰውየው ፊት ፈታ አለ። አንዲት ቃል ናት፤ የእኔ መሆን ነበረባት።

ቢሆንም ሰውየው የእኔ ነበር። ምን እንደሚችል ስጠይቀው መጻፍ እችላለሁ አለ። ማንበብ የሚችል ቄስ ሁሉ መጻፍ አይችልም፤ እሱ ግን ከአጎቱ ዘንድ የብራና ጽሕፈት ተምሯል። አንድ መስመር አጻፍሁት። እያንዳንዱ ፊደል እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር። በማግሥቱ የአንድ ተማሪዬ አባት ወደሆኑት የፍርድ ቤቱ የመዝገብ ቤት ሹም ሄጄ ለመንሁለት። በግቢው ውስጥ፣ በረንዳው ላይ፣ ከማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ጋር እንዲቀመጥ ፈቀዱ። ወረቀት፣ ብዕርና ጥቁር ቀለም ገዛሁለት። ማመልከቻ እንዴት እንደሚጀመር፣ ከሳሽና ተከሳሽ የት የት እንደሚገቡ አስረዳሁት። ያን ሳምንት በባልደረባዬ ድንጋይ አጠገብ ሳልፍ ሰላምታዬ ረዘም ያለ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የመዝገብ ቤቱ ሹም አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ማመልከቻ ተዘርግቷል፤ አንዲት ባልቴት ስለ ድንበር የከሰሱት ክስ ነው። ጽሕፈቱ ያምራል። ግን በባልቴቷ ስም ውስጥ «ማርያም» የሚለው በቀይ ተጽፏል። በተከሳሹ ስም ውስጥ «ሚካኤል» የሚለውም በቀይ። የቦታው ስም ውስጥ ያለው «ጊዮርጊስም» በቀይ።

ወዲያው ገባኝ። በብራና መጽሐፍ ላይ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ነው የሚጻፈው። ሰውየው እኔ ከገዛሁለት ጥቁር ጋር የራሱን ቀይ ቀለም በቀንድ ይዞ መጥቶ ኖሯል። በፍርድ ቤቱ ደግሞ በቀይ የሚጽፍ ዳኛው ብቻ ነው፤ ትእዛዝ ሲሰጥ።

«ይኸ ሰው» አሉኝ ሹሙ፣ «ከዳኛው ፊት ቀድሞ ለሁለቱም ወገን ፈረደ።» አልሳቁም። ዳግመኛ እንዲህ ቢጽፍ ከግቢው እንደሚወጣ ነገሩኝ።

ሄጄ አስረዳሁት። ቀይ ለመጽሐፍ፣ ጥቁር ለመንግሥት ነው፤ ማርያም በጥቁር ብትጻፍ አይከፋትም አልሁት። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ። በፊቴ ሊሞክር ብዕሩን ጥቁሩ ውስጥ ነከረ፤ ከማርያም ስም ሲደርስ እጁ ቆመ። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ።

«መምህር» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ቅዳሴው ቀረብኝ። መሬቱ ሄደ። የቀረችኝ ይቺ ናት።»

በተከታዩ ገበያ ቀን እንደገና በቀይ ጻፈና ከግቢው ወጣ።

ሐምሌ ገባ። ለወፍጮ ቤት ዘበኝነት ጠየቅሁለት፤ ተይዟል። ሆስፒታል ጠየቅሁለት፤ ለጸሐፊነት የትምህርት ቤት ወረቀት አምጡ አሉኝ። የሟቿ ወንድም ለገበያ ሲወርድ አገኘውና ነገሩን አልረሳሁም ብሎት አለፈ። ሰውየውን ልጠይቅ ሄጄ በተከራየው ጎጆ ደጅ ላይ ሴቷ ልጅ ታናሿን አዝላ ዝናቡ እስኪያባራ ስትጠብቅ አየሁ። የታዘለው ከአዛዪቱ ይተልቃል ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ስቀው ተቀበሉኝ።

በዚህ ጊዜ ሁሉ አንድ ሐሳብ ነበረኝ፤ አልወደድሁትም። ባልደረባዬ ዘንድ መውሰድ ነው። ከዚያ ደጅ ከገባ ግን የእሱ ሰው ይሆናል። ያገኘሁት እኔ፣ ፍርድ ቤት ያስገባሁት እኔ፣ ቀለም የገዛሁት እኔ፤ አገር የሚያውቀው ግን «አያን ሰው ያደረገው የእጅ ሥራው መምህር ነው» ተብሎ ይሆናል። ይህን ከመስማት ሌላ በር ማንኳኳትን መረጥሁ፤ የሚንኳኳ በር ግን አለቀ። ከጎጆው ደጅ እንደቆምሁ ሰውየውን ጠራሁትና በዝናቡ ይዤው ሄድሁ።

ባልደረባዬ እንጨት እየላገ ነበር። ፍርድ ቤቱ የመለሰውን ባለቀይ ማመልከቻ ሰጠሁትና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዞ አየው፤ መሳቅ ጀመረ። ተናደድሁ።

«አያ፣ ይኸን ፍርድ ቤት ወሰድኸው?» አለው። «ይኸ እኮ የካሚዮን ግንባር ነው።»

«የምን?» አለ ሰውየው።

«የካሚዮን። ባለማኪናዎቹ የታቦት ስም ሳያስጽፉ ሊማሊሞን የሚወርዱ ይመስልሃል? አዘዞ ያለው ጋራዥ የሚጽፍላቸው ልጅ ጊዮርጊስን እንደ ሸርጣን ነው የሚጽፈው። በቀይ ትጽፋለህ?»

«በቀይ ካልሆነማ አልጽፍም» አለ ሰውየው፣ እንደ ተቆጣ ሁሉ።

«እንግዲያው የሚጣላህ የለም። በጥቁር ብትጽፍ ነው የሚያባርሩህ።»

ሰውየው ሳቀ። ከእኔ ጋር በነበረ ጊዜ ሁሉ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

በማግሥቱ ባልደረባዬ አዘዞ ወሰደው። ብሩሽ ከብዕር ይለያልና መጀመሪያ በቆርቆሮ ላይ ተለማመደ። ቀጥሎ አንድ ካሚዮን ሰጡት። ፍልሰታ ሊገባ ሲል በጋራዡ ደጅ ተራ የሚጠብቅ ማኪና ነበረ፤ ከአዘዞ ብዙ በማይርቀው በፀዳ አጠገብም ቤት ተከራየ።

የሟቿ ወንድም ልጆቹን ሊወስድ በቅሎ ይዞ መጣና ጋራዡ ድረስ ሄደ። እኔ አልነበርሁም፤ ያን ዕለት ለአለቃው የዓመቱን ሥራ ሳስረዳ ነበር የዋልሁት። የነገረኝ ባልደረባዬ ነው። ሰውየው መሰላል ላይ ሆኖ ሲጽፍ ወንድምየው ከታች ቆሞ አየ። የእመቤታችን ስም በቀይ ሲያልቅ ነጠላውን አጣፋ፣ ቀረብ ብሎ ሊሳለም ሲል፣ «ቆይ፣ አልደረቀም» አለው ከላይ። ወንድምየውም እጁን ሰብስቦ እስኪደርቅ ቆመ። ከዚያ ተሳለመና ልጆቹ እዚሁ ይቆዩ፣ ለፋሲካ ግን እየመጡ አያታቸውን ይዩ ብሎ በቅሎውን ይዞ ሄደ።

በመስከረም በደብሩ ማኅበር ቀን አለቃው በሁሉ ፊት ባልደረባዬን አመሰገኑት። የፈራሁት ነገር ቃል በቃል ደረሰ። እሱም ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ «ያመጣው እሱ ነው፤ እኔ ምን አደረግሁ» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ብድግ አሉልኝ። እኔ ብሆን እንዲህ በቀላሉ ምስጋናዬን ለሌላ ልሰጥ እንደማልችል ስለማውቅ፣ በዚህችም ቀናሁበት።

ልጆቹ ግን አብረው ናቸው። ሴቷ ዘንድሮ ፊደል ጀምራለች፤ አባቷ ሲጽፍላት አይቻለሁ፣ በጥቁር።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ። በእጅዎ ያለ፣ እርስዎ ሊረዱት ያልቻሉት አንድ ሰው ይኖራል። በጣም የሚቀኑበትን ሰው ደግሞ ያውቁታል፤ እኔ ልነግርዎ አያስፈልግም። ሰውዎን እጁን ይዘው ወደዚያ ደጅ ይሂዱ፣ ራስዎ ያንኳኩ፤ ሌላ ሰው አይላኩ። ቅናቱ ይለቅዎታል ብዬ አልዋሽም፤ እኔን አልለቀቀኝም። ቢሆንም በዚህ ሳምንት ይሞክሩት።