ቀይ ቴፕ የታሰረበት ቀፎ

እ.ኤ.አ. በ2016 ጸደይ፣ በረዶው ቀልጦ ሣሩ ገና ቢጫ ሳለ፣ የንብ ማነብ ሥራ ጀመርኩ። አሠሪዬ ዴል ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነበር። በከተማው ዙሪያ በየሰው ጓሮ ቀፎ እያስቀመጠ ይንከባከባል፤ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በሚባል ሰፈር ደግሞ ከወንዝ ከፍ ብሎ የራሱ ቦታ ነበረው። ሥራውን ያገኘልኝ የዴል ሠራተኛ የነበረው ቶሎሳ ነው። ቶሎሳ የወለጋ ሰው ነው፤ አባቱ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅሉ ነበር። ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ ስለምንኖር ጠዋት ጠዋት በመኪናው ይወስደኛል። በልጄ ስም "የማርታ እናት" እያለ ይጠራኛል።

የመጀመሪያው ቀን ዴል ነጭ ልብስ፣ ባለመረብ ባርኔጣ፣ ንቦቹን የሚያረጋጋ የጭስ ማጨሻና የቀፎ መክፈቻ ብረት ሰጠኝ። "ቀስ ብለሽ ሥሪ፤ የቸኮለ ይነደፋል" አለኝ። ሌላ ትምህርት አልነበረም።

ክዳኑን ሳነሳ የሰም ሽታ ያለው ሙቀት ፊቴን ነካኝ። የንቦቹ ድምፅ በእጄ አልፎ ደረቴ ውስጥ ገባ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።

"የማርታ እናት፣ እየጸለይሽ ነው እንዴ?" አለ ቶሎሳ።

"አዎ" አልኩት። እውነቴን ነበር።

በዚያው በጋ ተባይ መቁጠር ተማርኩ። ግማሽ ኩባያ ንብ ወንፊት ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ የስኳር ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ከዚያ ጠርሙሱ በቀስታ ይነቀነቃል። ስኳሩ ነጭ ሳህን ላይ ሲራገፍ በመሃሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ይንቀሳቀሳሉ። ቫሮዋ ይባላሉ። እንደ መዥገር ንቧ ላይ ተጣብቀው ይመጧታል፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋም በሽታ ያዛውራሉ። ንቦቹን ስኳር እንደለበሱ ወደ ቤታቸው እንመልሳቸዋለን። እኅቶቻቸው እየላሱ ያጸዷቸዋል።

"እኛ አገር ጉንዳን ካልመጣባት በስተቀር ንብ ታመመች ሲባል ሰምቼ አላውቅም" አለ ቶሎሳ። "እዚህ ኢንሹራንስ ብቻ ነው የቀራት።"

አፕል ቫሊ የሚባል ሰፈር ውስጥ ማርጋሬት የሚባሉ አሮጊት ደንበኛ ነበሩን። ባላቸው ሞተዋል። ከጓሯቸው ሁለት የፖም ዛፍና ባላቸው ሰማያዊ ቀለም የቀቡት አንድ ቀፎ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወንበር አውጥተው አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ አያነቡም፣ አይሠሩም፣ ንቦቹን ብቻ ያያሉ።

በመስከረም ከዛፋቸው ፖም ሰጡን። ከመካከሉ አንዱ ጎባጣ ነበር። ዴል በአግድሙ ቆርጦ አሳየኝ። መሃሉ ላይ አምስት ክፍል ያለው ኮከብ አለ። በደህናው በኩል በየክፍሉ ዘር ተቀምጧል፤ በጎበጠው በኩል ባዶ ነው።

"በዚህ በኩል አበባውን ንብ በደንብ አልነካውም" አለ። "ማሩ ትርፍ ነው። ዋናው ሥራቸው ይኼ ነው።"

ያን ቀን ስመለስ ሱቅ ገባሁ። ዱባውን፣ ሐብሐቡን፣ ኪያሩን ሁሉ ቆሜ አየሁ። በእያንዳንዱ ላይ አንዲት ንብ ለአፍታ አርፋ የሄደች መሰለኝ። ለልጄ እራት የምገዛው በማላውቃቸው እጆች ብቻ ሳይሆን በማላውቃቸው ክንፎችም ነው። አምላኬን አመሰገንኩ።

የማርጋሬት ጎረቤት ሣር ላይ ግን ትንሽ ባንዲራ ተተከለ። የአረም መድኃኒት ተረጭቷልና ልጅና ውሻ አይግባ ይላል። ከዚያ በፊት ሣሩ መሃል ንብ የምትወደው ማገጥ ያብብ ነበር።

"እንግዲህ ንቧም ማንበብ ትማር" አለ ቶሎሳ።

ከሰፈሩ ወጣ ሲሉ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ ዓይን እስከሚደርስበት። ለእኔ ያማረ አረንጓዴ ነበር። ዴል ግን የምትቀስመው አበባ ስለሌለ ለንብ ምድረ በዳ ነው አለኝ። አንድ ቀን "ንቦቹን የሚጨርሳቸው ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"አንድ ነገር ቢሆን አንድ መድኃኒት ይበቃው ነበር" አለ። "የተራበች ንብ አለች። ትንሽ መርዝ ቀምሳለች። ያ መዥገር ይመጣታል፤ በላዩ ላይ በሽታ ይጨመራል። ብትሞት የትኛው ገደላት ትያለሽ?"

በበረዶው ወራት ቀፎዎቹ በጥቁር ሽፋን ይጠቀለላሉ፤ አይከፈቱም። የእኔ ሥራ ማዳመጥ ነበር። ባርኔጣዬን አውልቄ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ አደርጋለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጸልይ እንደሚሰማው ያለ ነገር ከውስጥ ይመጣል። ንቦቹ ተጠጋግተው፣ ንግሥቷን በመሃል አድርገው፣ ክንፋቸውን እያንቀጠቀጡ ይሞቃሉ። ውጭው ነጭ ነው፤ ምንም አይንቀሳቀስም። አንዳንዴ ሕልም ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ድምፅ የሌለው ቀፎ ላይ ቀይ ቴፕ አስራለሁ።

የዴል ሕግ ቀላል ነበር። ቀይ ቴፕ ያለበትን ቀፎ እርሱ ከፍቶ የሞተበትን ምክንያት ሳያይ ማንም አይነካውም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሚያዝያ ላይ እንደገና በረዶ ጣለ። ዴል ዳሌውን ታክሞ ቤቱ ተኝቶ ነበር። ቶሎሳ ሌላ ሰፈር ሄዷል። ኢንቨር ግሮቭ ብቻዬን ደርሼ ቀፎዎቹን ሳይ፣ አንዱ ውስጥ ያሉት ንቦች የሚበሉት አልቆ ጭንቅላታቸውን ባዶ የሰም ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ነበር። የምንሰጣቸው የስኳር ምግብ አልቋል። አጠገባቸው ቀይ ቴፕ ያለበት ቀፎ አለ። ውስጡ ማር የሞላባቸው አራት ፍሬሞች፣ ንቦቹ ሰፈፍ የሚሠሩባቸው የእንጨት ክፈፎች፣ ነበሩ።

በእኔ ቤት ምግብ አይጣልም። ቴፑን ፈታሁ። ሁለቱን ፍሬም ለተራቡት ሰጠሁ። ሁለቱን በዚያው ቀን አፕል ቫሊ ወስጄ ለማርጋሬት ቀፎ ሰጠሁ፤ እርሱም ደክሞ ነበር። ቴፑን መልሼ አሰርኩ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሰኔ ውስጥ ዴል በከዘራ እየተራመደ መጣ። ኢንቨር ግሮቭ ያለውን፣ እኔ ማር የሰጠሁትን ቀፎ ከፈተ። የእጮቹ ክዳን ጠቁሮ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሽታው የተበላሸ ሙጫ ይመስላል። ክብሪት አወጣና እንጨቱን አንዱ ጉድጓድ ውስጥ አዙሮ ቀስ ብሎ ሳበው። ቡናማ ክር ተከትሎት ወጣ። እጭ የሚያበሰብስ በሽታ ነው። ዘሩ ማሩና እንጨቱ ውስጥ አሥርት ዓመታት ይቆያል፤ መፍትሔው እሳት ነው። የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጥቶ አረጋገጠ።

"ከየት እንደመጣ አላውቅም" አለ ዴል። "ምናልባት የተጣለ ቀፎ ዘርፈው ይሆናል።"

እኔ አውቅ ነበር፤ ቀይ ቴፕ ካለበት ቀፎ ያወጣሁት ማር ነው። አልተናገርኩም። መኪና ውስጥ ለቶሎሳ ነገርኩት።

ፍጥነቱን ቀነሰ። "ዴል ያባርርሻል" አለ።

"የማርጋሬት ንብ እየደከመ ከሄደ የሰፈሩ ንብ ማሩን ሊዘርፍ ይመጣል። በሽታውን ይዞ ይመለሳል" አልኩት።

"ታዲያ እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ?"

"አልጠየቅሁህም።"

መኪናውን አዞረው።

ዴል ገና መሣሪያ እያጠበ ነበር። ነገርኩት።

"ቀይ ቴፑን አላየሽም?"

"አየሁት።"

"ታዲያ?"

"ተርበው ነበር።"

የያዘውን ብረት ውኃ ውስጥ ተወው። "ስንት ፍሬም?"

"አራት። ሁለቱ እዚህ፣ ሁለቱ አፕል ቫሊ።"

እጁን በሱሪው ጠረገ። "ሥራሽን እንድታቆሚ ልነግርሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር" አለ። "ሳትነግሪኝ ባገኘው ኖሮ እነግርሽ ነበር። ነገ አፕል ቫሊ እንሄዳለን። ለማርጋሬት የምትነግሪው አንቺ ነሽ።"

በነጋታው የማርጋሬት ቀፎ ሲከፈት ያው ሆኖ ተገኘ። አጠገባቸው ቆሜ ያደረግሁትን ነገርኳቸው።

"ሁሉም ይቃጠላል?" አሉ።

"ሁሉም።"

"ሣጥኑም?"

"ሣጥኑም።"

"ዛሬ አላናግርሽም" አሉኝ። ወንበራቸውን ይዘው ገቡ።

ጉድጓዱን እኔና ቶሎሳ ቆፈርን። ከመስክ የሚመለሱት ንቦች ሁሉ እስኪገቡ ጠበቅን። ወርቃማ ብርሃን ውስጥ እግራቸው ላይ ቢጫ ዱቄት ይዘው፣ እየከበዳቸው፣ አንድ በአንድ ወረዱ። የመጨረሻዋ ስትገባ ዴል ደጃፉን ዘጋ። ቀድሞ ንቦቹን ገደላቸው፤ ከዚያ እሳቱን ለኮሰ። ሰሙ ሲቀልጥ ሰማያዊው ቀለም አረፋ እያወጣ ተላጠ። አፈሩን መልሰን ደፈንነው።

"በዚህ አካባቢ ንብ የሚያረቡ ስድስት ቤቶች አሉ" አለ ዴል። "ቀፏቸውን ቼክ እንዲያደርጉ አንድ ሰው ሊነግራቸው ይገባል።"

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት አዳዲስ ሠራተኞችን አሠልጥኛለሁ። ለሁሉም የምለው አንድ ነው። ቀፎው የሞተበት ምክንያት ሳይታወቅ ማሩን ለሌላ አትስጡ። ሰጥታችሁ ከሆነ ያንኑ ቀን ተናገሩ።

ቀፎው በተቃጠለ ማግስት ጠዋት ማርታን ትምህርት ቤት አደረስኩና የአድራሻ ወረቀቱን ይዤ ብቻዬን ወደ አፕል ቫሊ ድራይቭ አደረግሁ። የመጀመሪያውን በር አንኳኳሁ። ፒጃማ የለበሰ ሰው ከፈተልኝ። ስሜን ነገርኩትና ከስህተቴ ጀመርኩ።