የጠዋት እግር

በቅርቡ የቀበርናቸው አክስቴ ጫማ ጠዋት ገዝተው አያውቁም። ጂንካ ገበያ ሲዞሩ ውለው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር ወደ ጫማ ተራ የሚሄዱት። ከእግራቸው አውራ ጣት ሥር አጥንቱ ወደ ጎን ስለወጣ ጠባብ ጫማ ያሠቃያቸው ነበር።

ነጋዴው «እትዬ፣ ጠዋት ቢመጡ የሚያምር ጫማ ነበረ» ሲላቸው፣ «የጠዋት እግር ይዋሻል፤ አብጦ ሲውል ነው እውነቱን የሚናገረው። የሚያምረውን አንተ አድርገው» ይሉት ነበር።

የልጄም አጥንት መውጣት ጀምሯል። ሰፊ ጫማ አድርጊ ስላት «የአሮጊት ነው» ትለኛለች። አክስቴ ግን እግራቸውን ከእግሯ ጎን ያስቀምጡ ነበር፤ ያኔ ትሰማ ነበር። የእኔ እግር ቀጥ ያለ ስለሆነ አያስፈራትም።

ትናንት በጠዋት ሹል ጫማ ገዝታ መጣች። አድርጋው ውላ ስታወልቀው አጥንቱ ቀልቷል። ከጎኑ የሚቀመጠው እግር ግን የለም።