ሠላሳ አንደኛው ገጽ

“አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው” ያልኩት ለምን ነበር?

ይህን ጥያቄ ራሴን መጠየቅ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በእኛ በሒሳብ ሰዎች ሙያ አንድ ጥያቄ መልስ እንደሌለው ማረጋገጥም እንደ መልስ ይቆጠራል። እኔ እሱንም ማረጋገጥ አልቻልኩም። ፈርቼ ነው እላለሁ፤ አልፈራሁም ነበር። ረስቼ ነው እንዳልል ደግሞ እኔ የምረሳ ሰው አይደለሁም።

ጥያቄው ጥቂት ዓመታት ተኝቶልኝ ነበር። የቀሰቀሰው የተማሪዎች ስም ዝርዝር ነው። ባለፈው ጥቅምት የሊኒየር አልጀብራ ክፍሌን ስጀምር ስም እየጠራሁ “ሜሮን ሐብታሙ” ላይ ደረስኩ። ከፊት ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አነሳች። ሐብታሙ የሚባል አባት በአዲስ አበባ ስንት እንዳለ እግዜር ይወቀው። ነገር ግን ልጅቷ የእስክሪብቶዋን ክዳን በጥርሷ ይዛ ነበር፤ ስታስብ ደግሞ ግንባሯ ድሮ እንደማውቀው አንድ ሰው በግራ በኩል ብቻ ይኮሳተራል። ከየት እንደመጣች መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር፤ ቢሆንም ጠየቅኳት።

“ከቃሊቲ” አለችኝ።

የቀሩትን ስሞች እንዴት እንደጠራሁ አላስታውስም።

እኔ ዘግይቼ የተማርኩ ሰው ነኝ። አቃቂ ተወልጄ አድጌ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ፤ ትምህርቴን የጨረስኩት በማታው ክፍለ ጊዜ ነው። ሥራዬ ጨርቅ መመርመር ነበር። ከሥሩ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ቀስ እያለ ይሳባል። የተበጠሰ ክር ወይም የዘይት ጠብታ ሳይ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ፤ ጨርቁ ያልፋል። ለሸማኔዋ መንገር ክልክል ነው። መርማሪና ሸማኔ ከተነጋገሩ ጥፋት ይሸፋፈናል ተብሎ ይታመን ስለነበር ምሳ እንኳ በአንድ አግዳሚ ላይ አንበላም። ሸማኔዋ ጥፋቷን የምታውቀው ጨርቁ አለቃው ፊት ሲዘረጋ ነው። ይህን ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ዓይኔ ሲሳል አፌ ተዘጋ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የመረጥኩት የግራፍና የማትሪክስ ጥናት ነው። ግራፍ ማለት ነጥቦችና የሚያገናኟቸው መስመሮች ናቸው። አቃቂን፣ ቃሊቲን፣ ሳሪስን ነጥብ አድርጉ፤ ታክሲ የሚመላለስባቸውን መንገዶች ደግሞ መስመር። ያ ሥዕል ማትሪክስ በምንለው የቁጥር ሠንጠረዥ ይጻፋል። ከሠንጠረዡ ውስጥ አይገንቫልዩ የሚባሉ ጥቂት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ ሥዕሉን ሳታዩት ስለ ሥዕሉ ይነግሯችኋል። ከትንሹ ሲቆጠር ሁለተኛው ቁጥርና ከእሱ ጋር የሚመጣው፣ ቬክተር የሚባል የቁጥሮች ረድፍ መረቡ በየት በኩል ቢቆረጥ በቀላሉ ለሁለት እንደሚከፈል ያመለክታሉ። ጨርቁን ሳይዘረጉ ስስ ቦታውን ማወቅ ማለት ነው። ለዚህ ነበር ነፍሴን የሰጠሁት።

ሐብታሙ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። ጓደኛ የሚለው ቃል ይበዛበታል፤ አንድ ክፍል ተቀምጠን በአንድ አውቶቡስ ወደ ደቡብ የምንመለስ ሰዎች ነበርን። እሱ ቃሊቲ ይወርዳል፣ እኔ እስከ አቃቂ እቀጥላለሁ። በአራት ዓመት ያንሰኛል። ፈጣን ነው፤ እኔ በሳምንት የምደርስበትን እሱ በአንድ ከሰዓት ይደርስበታል፤ ይህንንም ያውቃል።

“እትዬ ጨርቅ!” ይለኛል ሰው በሞላበት አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላ ሆኖ። “ዛሬስ ስንት ሜትር መረመሩ?”

ተሳፋሪው ይስቃል። እኔ በመስኮቱ የከባድ መኪኖቹን አቧራ አያለሁ።

ቢሆንም የድኅረ ምረቃ ተማሪው ሁሉ ረቂቁን ለአማካሪው ከመስጠቱ በፊት ለእኔ ያሳይ ነበር። ስህተት ካየሁ ከመስመሩ ጎን በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አደርጋለሁ። ሌላ ምንም አልጽፍም፤ ባለቤቱ ራሱ ይፈልገው። “ነጥብ ስንት አገኘህ?” የሚለው ጥያቄ በመካከላችን ቀልድም ፍርሃትም ሆኖ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ሴሚናር የማቅረብ ተራዬ ደረሰ። ሰሌዳውን ሞልቼ ወደ መጨረሻው መስመር ስደርስ ሐብታሙ እጁን አነሳ። አራተኛው ረድፍ ላይ የመቀነስ ምልክት ጠፍቷል አለ። እውነቱን ነው፤ ጠፍቷል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተናደ።

“መቼ አየኸው?” አሉት መምህራችን።

“ረቂቋን ስታውሰኝ፣ ባለፈው ሳምንት። እትዬ የሰው ስህተት ሲለቅሙ ይውላሉ፤ የራሳቸው አያመልጣቸውም ብዬ ጠበቅኩ።”

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህራችንም ሳቁ። ጠመኔ በነካው እጄ ፊቴን ነክቼ ኖሮ እስከ አቃቂ ድረስ ግንባሬ ነጭ እንደሆነ ተጓዝኩ፤ የነገረኝ የለም። በዚያ መንገድ ላይ ሐብታሙን ጠላሁት። ጥላቻ ግልፍታ ይመስለኝ ነበር። ለካ ረጋ ያለ ነገር ነው፤ እንደ ሥራ በየቀኑ ይሠራል።

ሐብታሙ የመመረቂያ ጽሑፉን ፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት ዲፌንስ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ለዓርብ ተቆረጠ። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ረቂቁን እንድወስድ እናቱ ሱቅ ድረስ ጠራኝ። እናቱ እትዬ አስካለ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው፤ ለእስረኛ ጠያቂዎች ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሳሙና፣ የፕላስቲክ ጆግ ይሸጣሉ። የጠያቂ ቀን ስለነበር ሰልፉ በሱቁ በር ያልፋል። ሳህን በጨርቅ ያሰሩ ሴቶች በዝናብ ጭቃ ውስጥ ቆመዋል፤ የበርበሬ ወጥ ሽታ ከጭቃው ሽታ ጋር ይመጣል።

“አንቺ ነሽ ጨርቅ መርማሪዋ?” አሉኝ እትዬ አስካለ። “ይሄ ልጅ ‘ከእሷ ዓይን ያመለጠ ስህተት የለም’ እያለ ሲያወራ ነው የሚውለው።”

ገረመኝ። በፊቴ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

“እማዬ፣ ተይ በናትሽ” አለ ሐብታሙ።

“ምን ተይ ትለኛለህ? ዓርብ ካለፈልህ ዩኒቨርሲቲው በአስተማሪነት ሊያስቀርህ አይደል? እኔም ይሄን ሱቅ ዘጋሁት ማለት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የሰው እንባ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሳሙና ሸጥኩ። በቃኝ!” ወደ እኔ ዞሩና ሁለት ሙዝ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። “ደህና አድርገሽ እይለት፣ ልጄ።”

ሐብታሙ ረቂቁን ሲያቀብለኝ፣ “ነጥብሽን አትሰስቺ እንግዲህ” አለኝ። “ከፈለግሽ እንደ ፈንጣጣ አድርጊው።”

ማክሰኞ ከሰዓት አቃቂ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አነብ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከአጠገቤ የቀዘቀዘ ሳምቡሳ አለ። ሐብታሙ አረጋገጥኩ የሚለው፣ ያ የመቁረጥ ዘዴ በማንኛውም መረብ ላይ አንድና አንድ ቦታ ብቻ እንደሚመርጥ ነው። ውብ ጽሑፍ ነበር። የማንም ጽሑፍ እንደዚያ አስቀንቶኝ አያውቅም።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ “ከሁለተኛው ቁጥር ጋር የሚሄደውን ቬክተር እንውሰድ” ይላል። የቱን? አልኩ። አንድ ብቻ እንደሆነ ማን ነገረው? ልማዴ ማንኛውንም አባባል ሕፃን በሚስለው ቅርጽ ላይ መሞከር ነው። ቀጥ ያለ መስመር ሞከርኩ፤ ልክ ነው፣ መሃሉ ላይ ይቆርጣል። ከዚያ ክብ ሳልኩ፤ ስድስት ነጥብ። በክቡ ላይ ያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ሲመጣ የሚመርጡት ቬክተር ስፍር ቁጥር የለውም። ዞሮ ወደ ራሱ የሚመለስ መንገድ ስስ ቦታው የት ነው? የትም አይደለም። የሐብታሙ ማረጋገጫ ሁሉ በዚህች አንድ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የተሰማኝ ደስታ ነው። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ አቅቶኛል።

ሊድን የሚችል ስህተት ነበር። “ቁጥሩ አንዴ ብቻ በሚመጣባቸው መረቦች ላይ” የሚል ሐረግ ጨምሮ ሁለት ገጽ ቢያስተካክል ጽሑፉ ጠበብ ብሎ ይቆማል። ለእሱ ፍጥነት የአንድ ቀን ሥራ ነው። እርሳሴን አንስቼ ከመስመሩ ጎን አደረስኩት። ከዚያ መለስኩት። ከዚያ ወደ ቀሩት ገጾች ሄጄ የጎደሉ ቅንፎችን፣ የተዛነፉ ምልክቶችን እያደንኩ ነጥብ አበዛሁ። እንደዚያ ቀን በጥንቃቄ መርምሬ አላውቅም። ረቂቁን ስዘጋ ሠላሳ አንደኛው ገጽ ብቻ ንጹሕ ነበር።

ረቡዕ አውቶቡስ ውስጥ ሰጠሁት። ገጾቹን ቶሎ ቶሎ ገለጠ።

“ሠላሳ አንድን አየሽው?” አለኝ። “የሚያሳስበኝ እሱ ነው።”

“አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው።”

ትከሻው ሲወርድ አየሁ። “እግዜር ይስጥልኝ” አለኝ። እትዬ የሚለውን አልጨመረበትም።

ዓርብ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ሐብታሙ ሲጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ልጄ፣ ክብ ታውቃለህ?”

ሰው ሳቀ። ሐብታሙም አብሮ ሳቀ። ሽማግሌው ተነስተው ሰሌዳው ላይ ስድስት ነጥብ አድርገው አዞሯቸው። “በል፣ ዘዴህ ይህን የት ይቆርጠዋል?”

ሐብታሙ ማስላት ጀመረ። ቁጥሩ አንዴ ወጣ። ሁለተኛ ሲወጣ እጁ ቆመ። ዞር ብሎ ተመለከተኝ፤ ሌላ ማንንም ሳይሆን እኔን። አቀረቀርኩ። ዐወቀ አልኩ በልቤ።

“ይህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የማይሠራው ስህተት ነው” አሉ ሽማግሌው። “ያነበበልህ ሰው የለም?”

ሐብታሙ ስሜን ሳይጠራ ጠመኔውን አስቀመጠ።

ጽሑፉ ወደቀ፤ እንደገና እንዲያቀርብ አንድ ዓመት ተሰጠው። አልተመለሰም። ለእሱ የታሰበው የአስተማሪነት ቦታ መስከረም ላይ ለእኔ ተሰጠ። ተቀበልኩ። እትዬ አስካለ ሱቃቸውን አልዘጉም። በዚያ ሳልፍ ከታክሲው መስኮት ጭንቅላታቸውን አያለሁ፤ ከሙዙ ዘለላ ኋላ፣ ፊታቸው ወደ ማረሚያ ቤቱ በር። እስኪሞቱ ድረስ እዚያው ነበሩ።

እንግዲህ ሜሮን ፊት ለፊቴ ስትቀመጥ ሃያ ሁለቱም ዓመት አብሯት ተቀመጠ። ኅዳር ላይ የአባቷን ስልክ ቁጥር ከእሷ ተቀብዬ ደወልኩለት፤ ቅዳሜ ቀን አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለ ጭማቂ ቤት ተገናኘን። እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ጸጉሩ ሸብቷል።

“ፕሮፌሰር! ይቀመጡ እንጂ” አለኝ ሳይነሳ። “ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፤ የሚመረመር ጨርቅ የለውም።”

ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አልተጠቀምኩበትም።

“ገጽ ሠላሳ አንድን ማክሰኞ ነው ያየሁት።”

“የቱን?”

“ክቡን። ስድስት ነጥብ ስዬ ሞክሬው ነበር። እያወቅሁ ነው ደህና ነው ያልኩህ።”

‘አውቄያለሁ’ እንዲለኝ ነበር የጠበቅኩት። ለስድብም ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን የአቮካዶ ጭማቂውን በማንኪያ ሲያማስል ቆየ።

“ያኔ ሰሌዳው ጋ እጄ ሲቆም ዞሬ ያየሁሽ ትዝ ይልሻል?” አለ በመጨረሻ። “‘አንቺንም አመለጠሽ?’ ብዬ ነው። የዳንኩት በዚያ ነው። እሷን ያመለጠ ስህተት እኔን ቢያመልጠኝ ምን ያሳፍራል ብዬ ነው ሰው ፊት የቆምኩት። እናቴንም በዚሁ ነው ያጽናናኋት። ‘ያቺ ልጅ እንኳ አላየችውም፣ እማዬ’ አልኳት። እሱን ይዛ ነው የሞተችው።”

“ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።”

“አይደለም። ከብዶሽ ልታሸክሚኝ ነው የመጣሽው።” ድምፁን አላነሳም። “ለሜሮን እንዳትነግሪያት። ‘አስተማሪሽ ከእኔ ጋር አብራ የተሳሳተች ሰው ናት’ ብያታለሁ። በዚህ ነው የምትወድሽ። እንደዚያው ይቅር።”

ተነሳ። ጭማቂው እንዳለ ነበር። “ሂጂ አሁን” አለኝ፤ “ታክሲ ሳይጠፋ።”

ስናገር ይቀለኛል ብዬ ለዓመታት አስቤ ነበር። በሕይወቴ አንድ ከባድ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ አንድ ከባድ እውነት ተናግሬያለሁ። ሁለቱም የወደቁት በአንድ ሰው ላይ ነው፤ የትኛው እንደባሰበት ለመመዘን ድፍረት የለኝም።

ሰኞ ጠዋት ሜሮን ከፊት ወንበሯ ሆና በሞቀ ፊት ሰላም አለችኝ። እኔም አባቷ እንዳዘዘኝ፣ ያላየ ሰው ፊት ይዤ ሰላም አልኳት።