የሚታመስ በርበሬ

ደሴ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ዛሬ ከሰዓት በርበሬ ሲያምሱ ጭሱ ክፍሌ ድረስ ገባ። ሳልኩ፤ ዓይኔ አነባ። ወዲያው የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ሐይቅ፣ እናቴ ቤት ነኝ። ተደብቄ ውሃው ዳር ስጫወት ውዬ ቀሚሴ ርሶ ገብቻለሁ። እናቴ ፍሙ ላይ ደረቅ በርበሬ ጣለች፤ ማጅራቴን ይዛ አጎነበሰችኝና በጋቢ ሸፈነችኝ።

«ሁለተኛ ትሄጃለሽ?»

«አልሄድም! እማዬ፣ በማርያም!»

ትንፋሽ አጠረኝ። ጋቢው ውስጥ ከፍሙ በቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም፤ ድምፄን የሚሰማ ሰው ያለም አልመሰለኝም። ድንገት ጋቢው ተገለጠና እሷም ገባች። ይበልጥ ልትጫነኝ መስሎኝ ጮህኩ። እሷ ግን እቅፍ አድርጋኝ አብራኝ ትስል ጀመር።

«እኔን አክስቴ ስታጥነኝ የሚያወጣኝ አልነበረም» አለች።

ታዲያ እኔን ለምን ታጥነኛለች ብዬ ግራ ገባኝ። ወዲያው ጋቢውን ወርውራ፣ ተሸክማኝ ወደ ደጅ ሮጠች። ጎረቤታችን «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» ስትላት፣ «ወጥ አርሮብን ነው» አለቻት።

ከዚያ በኋላ በጥፊም በአለንጋም መትታኛለች፤ በበርበሬ ግን አላጠነችኝም። ስለ አክስቷም ደግማ አላነሳችም።

ዛሬ ደወልኩላት። ስለዚያች አክስቷ ልጠይቃት ነበር፤ ጤናዋን ብቻ ጠየቅኳት።

«ምነው ድምፅሽ?»

«በርበሬ እየታመሰ ነው።»



«ውጪ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ውጪ፣ ሆዴ። ቶሎ ውጪ።»