የፈንታነሽ የዓይን ቆብ

ፈንታነሽ አርባ አምስት ዓመት ሲሞላት ፊቷ ላይ ያረጀ ነገር ቢኖር የዓይኗ ቆብ ብቻ ነበር። ግንባሯ አልተጨማደደ፣ ጉንጯ አልረገፈ፣ ጥርሷም እንዳለ ነው። ቆቡ ግን ተንዘላዝሎ ሽፋሽፍቷ ላይ ይተኛል። የአባቷ ወገኖች ሁሉ እንዲያ ናቸው፤ ገና በጎልማሳነታቸው ከቀብር የተመለሱ ይመስላሉ። ደብረ ታቦር ከገበያው በላይ በከፈተችው የሴቶች ውበት ሳሎን የገባች ደንበኛ ሁሉ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ “ምነው ፈንቴ፣ አመመሽ እንዴ?” ትላታለች። ደህና በልታ፣ ደህና ተኝታ፣ ስትስቅ ቆይታም “አመመሽ እንዴ?” ነው። እስቲ አሁን እናንተ ብትሆኑ አይሰለቻችሁም?

የተወለደችው ከገሳይ በላይ፣ ጉና ሥር ነው፤ ብርዱ አጥንት ከሚሰብርበት፣ ከገብስና ከድንች ሌላ እምብዛም ከማይበቅልበት። በአሥራ አምስት ዓመቷ አንበሳሜ ላለ ሰው ዳሯት። ሰውየው እጁ ለዱላ የፈጠነ ነበርና በስድስተኛው ወር ጠፍታ በእግሯ መጣች። ሽማግሌ ተላከ፤ “ትመለስ” ተባለ። እናቷ እማማ ወርቅነሽ በራቸው ላይ ቆመው፣ “ልጄን የሚወስድ እኔን ረግጦ ይግባ!” አሉ። ማንም አልገባም። ከዚያ በኋላ ደብረ ታቦር ወርዳ ሰው ቤት ተቀጠረች፣ ሹሩባ መሥራት ለመደች፣ ቆይቶም የራሷን ሳሎን ከፈተች። ሌላ ባል አላገባችም፤ ልጅም አልወለደች። ያለቻት እናቷ ናት። እናቷን የሚጦራቸው ታናሽ ወንድሟ አለሙ እዚያው ጉና ሥር ያርሳል።

ያን ዓመት በጥር አንዲት ሙሽራ ልታስውብ ተቀጥራ ሳለ የሙሽራዋ አክስት ገብተው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። “ይቺ ናት ልጃችንን የምታሳምረው? መጀመሪያ የራሷን ፊት ለምን አታሳምርም?” አሉና ሙሽራዋን እጇን ይዘው፣ ከታች በኩል አንዲት ወጣት ወደ ከፈተችው ሳሎን ወሰዷት። ፈንታነሽ እዚያው ቆማ ሳቀች። ምን ታድርግ? ከዚያ ጓዳ ገብታ የውሃውን ቧንቧ ከፍታ አለቀሰች፤ ከመስታወቱ ፊት ስትመለስ ቆቧ ይባስ አብጦ ጠበቃት።

ጎረቤቷ ራቢያ የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ አዲስ አበባ እየተመላለሰች ዕቃ የምታመጣ፣ እሳት የላሰች ሴት። ስልኳን አውጥታ አንድ የአዲስ አበባ ክሊኒክ የለቀቀውን ፎቶ አሳየቻት፦ በፊትና በኋላ፣ አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ። “በሌዘር ነው እኮ! ቢላ የለ፣ ምን የለ። ትርፉን ቆዳ ያነሱልሻል፤ ሁለት ሳምንት ትደበቂያለሽ፣ ከዚያ አሥር ዓመት ቀንሰሽ ብቅ ነው።”

“ተይኝ እባክሽ!” አለች ፈንታነሽ። ፎቶውን ግን ደጋግማ አየችው።

ዓይንን በተመለከተ ሌላም ጭንቀት ነበረባት፤ የእናቷ። እማማ ወርቅነሽን የዓይን ማዝ ይዟቸው ከኖረ ብዙ ዘመኑ ነው። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ዞሮ ሌት ተቀን ብሌናቸውን ይፍቃል። ፈንታነሽ በሄደች ቁጥር ፀሐይ ላይ አስቀምጣ በወረንጦ ትነቅልላቸዋለች፤ በወሩ ይበቅላል። ግራ ዓይናቸው ነጭ ሸፍኖት ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የቀረቻቸው ቀኟ ናት። ቆቡን ሠርተው ፀጉሩን ወደ ውጭ የሚያዞሩ ነርሶች በየጊዜው ገሳይ ጤና ጣቢያ እየመጡ በነጻ ያክማሉ፤ የሰፈሩ አሮጊት ሁሉ ተሠርቶ ድኗል። እሳቸው ግን ምላጭ ዓይናቸው አጠገብ ሲመጣ ማሰቡ ብቻ ያንቀጠቅጣቸዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ተለምነው፣ በዚያ ክረምት ልጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ልባቸው ራራ። “እሺ፣ ለመጪው ጥር ሲመጡ እሄዳለሁ። ላንቺ ስል ነው እንጂ እኔስ እፈራለሁ” አሉ። ፈንታነሽ በደስታ እጃቸውን ሳመች።

በኅዳር፣ የሠርግ ወር ጥር ሳይደርስ፣ “ዕቃ ላመጣ ነው” ብላ አዲስ አበባ ሄደች። እውነቱን ያወቀች ራቢያ ብቻ ናት። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ አልደበቃትም። “እስኪድን ያስፈራል፤ ያብጣል፣ ይጠቁራል። ሲተኙም ለጥቂት ሳምንት ቆቡ ሙሉ በሙሉ ላይገጥም ይችላል። አይደንግጡ” አላት። በማደንዘዣ አደነዘዟት፣ ብሌኗን በብረት ሽፋን ጋረዱት። ሕመም አልተሰማትም። የተቃጠለ ነገር ሸተታት፤ የራሷ ቆዳ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጥቁር መነጽር አድርጋ ደብረ ታቦር ገባች፤ ሳሎኗን ዘግታ፣ ስልኳን አጥፍታ ቤቷ ተከተተች።

ስልኩን ማጥፋቷ ነው ጉዱን ያመጣው። አለሙ ሦስት ቀን ደውሎ ቢያጣት ለእናቱ ነገራቸው። እማማ ወርቅነሽ፣ “ልጄ አንድ ነገር ሆናለች” ብለው ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ። ከመንደር ገሳይ በእግር፣ ከገሳይ ደብረ ታቦር በሚኒባስ፣ አለሙን አስከትለው በሯ ላይ ድቅን አሉ። ራቢያ ልትከላከል ሞከረች። “እማማ፣ ጉንፋን ይዟት ነው፤ ይጋባብዎታል።”

“ሰባ ዓመት ያልገደለኝ ጉንፋን ዛሬ አይገድለኝም። ዞር በይልኝ ልጄ!” ብለው ገቡ።

ፈንታነሽ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ቤት ውስጥ መነጽር። “አውልቂው” አሏት። አወለቀችው። እማማ ወርቅነሽ አገጯን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሯት፤ ደህናዋን ዓይናቸውን አስጠግተው አዩ። ቆቧ አብጦ ጠቁሯል፤ የስፌቱ ክር እንደ ዝንብ እግር ወጣ ወጣ ብሏል።

“ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?” ሰው የመታት መስሏቸዋል።

ምን ትበላቸው? “ለመልኬ ብዬ ተቆረጥሁ” ትበላቸው? አንዲት ቀሚስ ስንት ዓመት ጥፈው የሚለብሱ እናት ፊት፣ ወንድሟ ቆሞ እየሰማ? ዓይኗን በጨው አጥባ፣ “ማዝ ነው እምዬ። አንቺን የያዘሽ እኔንም ይዞኝ ተሠራሁ” አለች። እግረ መንገዴንም አደፋፍራታለሁ ብላ አስባለች። “አየሽ፣ እኔም ተሠራሁ፤ ምንም አይደለም” ስትልም ጨመረች።

ከምሳ በኋላ ማስታገሻዋን ውጣ ጋደም አለች። ስትነቃ እማማ ወርቅነሽ ራስጌዋ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰዋል።

“ምነው እምዬ?”

“ዓይንሽ አይገጥምም። ነጩ እየታየ ነው የተኛሽ። ብጠራሽ አትሰሚኝ፤ የሞትሽ መስሎኝ።” በማግሥቱ አገራቸው ተመለሱ።

እብጠቱ ሐኪሙ እንዳለው ጎደለ። የገና በዓል ሳይደርስ ፈንታነሽ በመስታወት ፊት ቆማ ራሷን አላምን አለች። ቆቧ ተሰብስቦ ዓይኗ ወለል ብሏል። ያለ ሐሰት አሥር ዓመት ቀንሳለች። “ምን ተቀባሽ? ለእኛም አካፍይን እንጂ!” ይሏታል ደንበኞቿ። በጥር ሙሽራ በሙሽራ ላይ ተደረበላት። ለስንት ዓመት ያላየችው ደስታ ነበር፤ አይፈረድባትም።

በዚያው ጥር ነርሶቹ ገሳይ መጡ። ፈንታነሽ እናቷን ልታስወስድ ወጣች፤ አለሙ በቅሎ ጭኖ ጠበቃት። እማማ ወርቅነሽ ግን ከመደባቸው አልተነሡም።

“አልሄድም።”

“እምዬ፣ ቃል ገብተሽልኝ አልነበረም?”

“ገብቼ ነበር። ያንቺን ሳላይ ነዋ! አዲስ አበባ ድረስ ሄደሽ፣ ትልቁ ሐኪም ሠርቶሽ ዓይንሽ መግጠም ካቃተው፣ እኔን አሮጊቷንማ ምን ሊያደርገኝ ነው? ቢያንስ አሁን በሩን አያለሁ። ይቅርብኝ።”

“ድኛለሁ እኮ፤ ይኸው እዪኝ!”

“ዳንሽ፤ ወጣት ነሽ። እኔ አልድንም።”

ነርሱ ካሳሁን የሚባል ልጅ እግር ነው፤ እምቢ ያሉትን ቤት ለቤት እየዞረ ይለምናል። እሱም መጥቶ፣ “እናቴ፣ አንቱ ካልተሠሩ ይቺም ዓይን ትሄዳለች” ብሎ ለመናቸው። ንቅንቅ አላሉም። “ልጄን አይቻለሁ” ነው መልሳቸው። ካሳሁን ፈንታነሽን ወደ ውጭ ጠራትና ፀሐይ ላይ ጠባሳዋን ትክ ብሎ አየው።

“ይሄ የማዝ አይደለም። የማዝ ከሽፋሽፍቱ አጠገብ ነው የሚሠራው። ያንቺ እጥፋቱ ላይ ነው፤ ለመልክ ነው አይደል?”

መሬት መሬት አየች።

“እኔ አልፈርድብሽም። ግን እናትሽ የፈሩት ያንቺን አይተው ነው። ልንገራቸው?”

“አይ! እኔ እነግራታለሁ።”

“ነገ ማታ ነው የምንሄደው። የምንመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የሳቸው ዓይን እስከዚያ መቆየቱን እንጃ” አለና ወረደ።

ቆርጣ ገባች። የአለሙ ሚስትና ሁለት ጎረቤቶች፣ የከተማዋን ሴት ሊያዩ የመጡ፣ መደቡ ላይ ተደርድረዋል። “ልጅ ሆነች እኮ!” እያሉ ይንሾካሾካሉ። ፈንታነሽ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። “እምዬ፣ የኔ እኮ…” ስትል ሁሉም ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። “የኔ እኮ ቶሎ ነው የዳነው” አለች፤ ሌላ ነገር አልወጣትም። እሑድ የምታስውባት ሙሽራ ነበረቻትና ከሰዓት በኋላ ገሳይ ወርዳ ሚኒባስ ያዘች። በሚቀጥለው ዙር እነግራታለሁ እያለች ራሷን አጽናናች።

ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አለሙ ደወለ። “እምዬ ግድግዳ እየዳሰሰች ነው የምትሄደው” አላት። በማግሥቱ ተሸክመው ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አደረሷቸው። የቀኝ ዓይናቸው ብሌን ቆስሎ፣ ቁስሉ መግሎ፣ ነጭ ሸፍኖታል። ሐኪሙ በባትሪ አይቶ፣ “ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብሎ ቆቡ ቢሠራ ኖሮ…” ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ፈንታነሽ ጨርሳ ሰምታዋለች።

አገራቸው መልሳ ወሰደቻቸው። በሦስተኛው ቀን አለሙና ሚስቱ እርሻ ሲወርዱ፣ እናቷን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

“እምዬ፣ እኔን የያዘኝ ማዝ አልነበረም።” ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የሙሽራዋን አክስት፣ ፎቶውን፣ ሌዘሩን፣ ነርሱ ያላትን፣ አንዱንም ሳታስቀር።

“ማዝ አልነበረም?”

“አልነበረም።”

“ይሄን ብትነግሪኝ እኮ እሄድ ነበር” አሉ። ቁጣ የለበትም ድምፃቸው። ምናለ ቢቆጧት! ምናለ ቢረግሟት! ፈንታነሽ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

እጃቸው ፊቷን ፈልጎ አገኘ። በአውራ ጣታቸው አንዱን ቆብ፣ ቀጥሎም ሌላውን ቀስ ብለው ዳሰሱ።

“ታዲያ አማረብሽ?”

ፈንታነሽ እጃቸውን ይዛ ሳመች።

“ንገሪኝ እንጂ ልጄ፤ እኔ እንደሁ አላይሽ።”

“አዎ እምዬ፤ አማረብኝ።”

“እሰይ” አሉ እማማ ወርቅነሽ፤ ከልባቸው ነበር።